በዕድር አግዳሚ ላይ ዋና ያስተማረው ዘለቀ

የዕድራችን ዳኛ አቶ ስዩም ለመምህር ዘለቀ ድንኳን ከልክለዋል። ይህ ነገር ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ተብሎ ታልፏል። ዘለቀ ልዩ ልዩ ጉዳይ አልነበረም፤ ሰው ነበር። እነሱ ካልጻፉት እኔ እጽፈዋለሁ። የተማርኩት የማታ ትምህርት ቢሆንም ፊደሉ ያው ፊደል ነው።

ዘለቀ የሞተው ሞምባሳ ነው፤ ኬንያ ውስጥ ባሕሩ ላይ ያለችው ከተማ። ልጁ ሰናይት ሰኞ ጠዋት ደውላ ነገረችኝ። ሞምባሳ ሞተ ሲባል ግቢው ሁሉ «ባሕር ወሰደው?» እያለ ጠየቀኝ። ባሕር አልወሰደውም። ጠዋት ፀሐይ ሊሞቅ ወጥቶ በተቀመጠበት ነው ልቡ ያቆመው። እዚያው ተቀበረ። አቶ ስዩም ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቅንቀው «እንግዲህ በመዝናናት ላይ እንዳሉ ነው ያረፉት» አሉ። መዝናናት እንደ ስርቆት ሲጠራ ያን ቀን ገና ሰማሁ። እሳቸው የሚሞቱት በሥራ ላይ ይሆናል፤ የድንኳን ካስማ ሲቆጥሩ።

ማክሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበና ወሰነ። መምህሩ ከአካባቢው ለቀው በሌላ አገር ኑሮ መሥርተዋል፣ ስለዚህ ድንኳን የለም፣ አግዳሚ የለም፣ ለቅሶ የሚደርስ በየቤቱ ያልቅስ። ለመዋጮው ግን ኑሮ መሥርተሃል አላሉትም፤ ሰናይት በየጊዜው ትልክልኝ ነበር፣ እኔ ወስጄ እሰጣለሁ፣ እሳቸው ይቀበላሉ። ሲቀበሉ ዘለቀ የልደታ ሰው ነው። ሲሰጡ የሞምባሳ።

ዘለቀን የማውቀው ከጌጃ ሰፈር ጀምሮ ነው። የእኛና የእነሱ ቤት አንድ ግድግዳ ነበር የሚጋሩት፤ እናቱ ሲቆጡት የምደነግጠው እኔ ነበርኩ። በዕድሜ ትንሽ እበልጠዋለሁ። እኔ «አንተ» እለዋለሁ፣ እሱ «እትዬ ብዙነሽ» እያለ አንቱ ይለኛል። በዚህ ጉዳይ ተከራክረን አናውቅም።

አድጎ የስፖርት መምህር ሆነ። ሒሳብ ያስተማረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ሒሳቡን ይተወዋል። ዘለቀ ጡረታ ወጥቶም ሰማያዊ ቱታውን አልተወም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በላዩ ላይ ነጠላ ያጣፋበታል። ፊሽካው ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ ነው የሚውለው። ልደታ ማርያም ደጃፍ ጧፍ ስሸጥ ያን ቱታ ከሩቅ ሳየው «የስፖርት ክፍለ ጊዜ ደረሰ» እላለሁ ለጎረቤቶቼ። አንድ ጊዜ ጠበል ላይ ሰው ሲጋፋ እጁ ወደ ፊሽካው ሲሄድ አይቼዋለሁ። ማርያም ናት የያዘችው።

ሰፈራችን ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። የት መኖር ትፈልጋላችሁ ብሎ የጠየቀን የለም። ዕጣ ይወጣል፣ ዕጣው ያለህ ቦታ ትገባለህ። እነሆ ጉልበቱ በሩጫ ያለቀ መምህር አራተኛ ፎቅ ደረሰው፤ ሊፍት የለውም። ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ የሚወጣ ጎረምሳ ከሥሩ ግራውንድ ገባ። አቶ ስዩምም ግራውንድ ነው የደረሳቸው። ዕጣ ነው፣ ምንም አልልም።

ዘለቀ አላጉረመረመም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ትንፋሹን እየሰበሰበ «እትዬ ብዙነሽ፣ መንግሥት ስፖርት እንዳላቋርጥ አስቦልኝ ነው» አለኝ።

«ለእኔስ ምን አስቦ ነው ሁለተኛ ፎቅ ያደረገኝ?»

«ለእርስዎ መለማመጃ ነው።»

የአግዳሚው ነገር የመጣው ሚስቱ አስካለ ስትሞት ነው። ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ አግዳሚዎቹ ወጡ፣ ሰው መጣ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነቅሎ አግዳሚው ወደ ዕድሩ ዕቃ ቤት ሲመለስ፣ ዘለቀ በተቀመጠበት በአንዱ ላይ እጁን ጭኖ «ይቺን ተዉልኝ» አለ። ተሸካሚዎቹ አቶ ስዩምን አዩ። እሳቸውም ያን ጊዜ ሆዳቸው ባባና «ለጥቂት ቀን ትቆይላቸው» አሉ። በሕይወታቸው የሠሩት ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ ራሳቸውም ይሉታል።

ግቢያችን ፀሐይ የሚገባው በሁለቱ ብሎኮች መካከል ነው። ጠዋት በአንዱ ግድግዳ ጥግ፣ ከሰዓት በሌላው። ዘለቀ ከአራተኛ ፎቅ ይወርድና አግዳሚውን ከፀሐዩ ጋር እየጎተተ ይውላል። መጀመሪያ ለሐዘኑ አብሬው ተቀመጥኩ። ቀጥሎ የሚኒባስ ሹፌሩ ታምሩ ተራ እስኪደርሰው እያለ መጣ። ከዚያ ሕፃን ያቀፉት፣ ልብስ አስጥተው የሚጠብቁት፣ ባሎቻቸውን የሸሹት መጡ። ከሰው ጋር ሰላምታ ሳይለዋወጥ ደረጃ የሚወጣ ግቢ ነበር፤ በአንድ ጣውላ ምክንያት ሰው ለሰው ስም ተጠያየቀ።

አቶ ስዩም ባለፉ ቁጥር ቆም ይላሉ። «መምህር፣ አግዳሚዋ የሐዘን ናት።»

«እኛም ሐዘንተኞች ነን አቶ ስዩም። ሞቆን ነው የማያስታውቅብን።»

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዘለቀ በሥራ ዘመኑ ሁሉ ዋና አስተምሯል። የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት መዋኛ አልነበረውም። ሲሚንቶ ነበረው። በስፖርት መጽሐፉ ውስጥ ግን ዋና የሚል ምዕራፍ ነበረና ዘለቀ ምዕራፍ የሚዘል ሰው አይደለም። ተማሪዎቹን አግዳሚ ላይ በሆዳቸው ያስተኛል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ እጅና እግር ይንቀሳቀሳል፣ ነጥብ ይሰጣል። ስንት ሰው በልደታ አየር ላይ ዋኝቶ ወደ ሚቀጥለው ክፍል እንዳለፈ እግዚአብሔር ይወቀው። እሱ ራሱ ከገንዳና ከጎርፍ ሌላ ውሃ አይቶ አያውቅም።

ትምህርት በተዘጋ ጊዜ ግቢው ውስጥ ልጆች ሥራ ፈቱ። ዘለቀ አቶ ስዩም ዘንድ ሄደና የዕድሩ አግዳሚዎች ትኋን ሳይገባባቸው እንዳልቀረ፣ ፀሐይ ቢመታቸው ጥሩ እንደሆነ በጣም ቁምነገር ባለው ፊት ነገራቸው። አቶ ስዩም ትኋን ሲባሉ ጊዜ ወዲያው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጡት። ለንብረት ሲሆን እንዲህ ፈጣን ናቸው። አግዳሚዎቹ ወጥተው በፀሐዩ ላይ ተደረደሩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አቶ ስዩም የትኋኑን ሁኔታ ሊያዩ ሲመጡ በእያንዳንዱ አግዳሚ ላይ አንድ አንድ ልጅ በሆዱ ተኝቶ እግሩን ያወራጫል። የእኔ የልጅ ልጅ ሜሮንም ነበረችበት፤ ቀሚሷን በሱሪ ላይ አስሬ የላክኋት እኔው ነኝ።

አቶ ስዩም ክው አሉ። «መምህር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዋና ነው አቶ ስዩም።»

«ውሃው የታለ?»

«ውሃው ሁለተኛ ሴሚስተር ነው።»

ከዚያ ምን ዓይነት ሟርት ነው፣ የሙታን ወንበር ላይ ሕፃን ይተኛል ወይ፣ ደንቡ፣ ማኅተሙ፣ ያልተባለ ነገር የለም። ዘለቀ ሁሉንም ሰማ። ፊሽካውን ነፋና ልጆቹን አስነሳ፣ አግዳሚዎቹንም አንድ በአንድ በጨርቅ ጠርጎ መለሰ። «የሙታን ወንበር አይደለም፤ ሙት አይቀመጥበትም» ያለኝ ማታ በደረጃው ላይ ነው። ለአቶ ስዩም አላላቸውም። ሰውን በሰው ፊት መርታት አይወድም ነበር። እኔ እወዳለሁ፤ በዚህ አንመሳሰልም።

ከዚያ ክረምት መጣና ጉልበቱ ባሰበት። ሰናይት ሞምባሳ አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ለእረፍት ስትመጣ አባቷ ደረጃውን እየተቀመጠ ሲወጣ አየችው። ላይ እስኪደርሱ ጠብቃ ተናገረች።

«አባዬ፣ ሐኪሙ ሙቀት ነው ያለህ። እኔ ጋ ና። ቤት ልቀይር ነው፣ የት እንከራይ የምትለውን አንተ ምረጥ። ዋናው አለ፣ በእግር መሄዱ አለ፣ የምትወደው ሁሉ ውጭ ነው።»

ዘለቀ ዕድሜውን ሙሉ የት እንደሚኖር ተጠይቆ አያውቅም። የተወለደበትን እናቱ መረጡ፣ የሠራበትን መንግሥት፣ ጡረታ የወጣበትን ዕጣ። በማግሥቱ ወደ አግዳሚው ሲወርድ ሹመት እንደተሰጠው ሰው ነበር አካሄዱ። «ምረጥ ተብያለሁ» አለን።

ከዚያ በኋላ የሞምባሳ ጉዳይ የግቢው ጉዳይ ሆነ። ታምሩ በስልኩ ካርታ ይከፍታል፣ እኛ በላዩ እናጎነብሳለን።

«ቲቸር፣ ኒያሊ የሚባል አለ። አራዳ ሰፈር ነው፣ ቪላ በቪላ።»

«በራቸው ላይ ይቀመጣሉ?»

«ማን?»

«ሰዎቹ።»

«ካርታ ላይ የተቀመጠ ሰው አይታይም እኮ ቲቸር።»

«እንግዲያው ምን ያደርጋል ካርታው።»

እኔ ቤተ ክርስቲያን የሚቀርበው ይሁን፣ ደረጃ አይኑረው አልኩ። ታምሩ ታክሲ የማያጣላበት ይሁን አለ። ሕፃን ያቀፈችው የታምሩ ሚስት ባሕሩ ከመስኮት ይታይ አለች። ዘለቀ ሁሉንም ሰምቶ ጥያቄው ያው ነው፦ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ያለ ምክንያት መቀመጥ ይችላል? ውሃው ጋ ለመድረስ የማስፈቅደው ማንን ነው? ገዝቼ ሳይሆን እንዲሁ መዋል ይቻላል? ቤት የሚመርጥ ሰው ስለ መኝታ ቤቱ ይጠይቃል። እሱ ስለ ውጭው ብቻ ነበር የሚጠይቀው። «ውስጡ የትም ያው ነው፤ አልጋ ነው» ይላል።

አቶ ስዩም ሲያልፉ ሰሙን። «በዕድር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የውጭ አገር ቤት ይመረጣል።»

«እርስዎም ይምረጡልኝ እንጂ አቶ ስዩም።»

«እኔ ብሆን የምኖረው መሬት ላይ ነው።»

«ባሕሩ ውስጥ እኮ አልገባም፤ አጠገቡ ነው።»

አቶ ስዩም ጥቂት ራመድ አሉና ተመለሱ። «ነፋሱ ከየት ነው የሚመጣው?» አሉ። ታምሩ ከባሕሩ ነው አላቸው። «ቆርቆሮ ክዳን ያለው እንዳይከራዩ። ጨው ቆርቆሮ ይበላል» ብለው ሄዱ። ፍርድ ለመስጠት የተፈጠሩ ስለሆነ መቻል አቃታቸው።

ዘለቀ ሳይመርጥ ሄደ። እዚያው ሄጄ እያየሁ እመርጣለሁ አለ። የቤቱን ቁልፍ ለእኔ ሰጠኝ፣ መስኮቱን አልፎ አልፎ እንድከፍትለት። አግዳሚዋን በሄደ ማግሥት አቶ ስዩም ዕቃ ቤት አስገቧት። ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ፀሐይ የሚሞቀው ቆሞ ነው። ቆሞ የሚሞቅ ሰው ደግሞ ቶሎ ይገባል።

መጀመሪያ የተከራዩት ኒያሊን ነው። በቪዲዮ ደወለ፤ ቱታውን እንደለበሰ ነው፣ እጅጌውን ብቻ ሰብስቦታል።

«መንገዱ ንጹሕ ነው እትዬ ብዙነሽ። ግንቡ ረጅም ነው። ጎረቤቴን እስካሁን አላየሁትም፤ ውሻውን ግን በድምፅ አውቀዋለሁ።»

«ባሕሩስ?»

«ከሆቴሉ ጀርባ ነው። ዘበኛው ወዴት ነህ አለኝ፣ ወደ ባሕሩ አልኩት። የክፍል ቁጥርህን ንገረኝ አለ። ባሕር የክፍል ቁጥር አለው?»

ተናደድኩ። በእግዚአብሔር ውሃ ላይ በር የሚገጥም ማነው? አንተስ ለምን ዝም አልክ? አልኩት። ዝም አላልኩም፣ ዞሬ ሄድኩ አለኝ። በሁለት ሆቴሎች መሀል ለዓሣ አጥማጆች የተተወች ቀጭን መንገድ አገኘና በእሷ ሲመላለስ ከረመ። ያን ሰፈር ግን «ለጊዜው ነው» አለ።

ቀጥሎ ሰው ሁሉ በነጻ የሚገባበት የባሕር ዳርቻ አጠገብ ቤት አገኙ። በማግሥቱ ጠዋት ደወለ፣ ፊቱ ተቀያይሯል።

«ባሕሩ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ሄዷል። ትናንት እዚህ ነበር። አሁን አሸዋና ጋደም ያለ ጀልባ ብቻ ነው የቀረው። ሰናይትን ጠየቅኋት፣ ይመለሳል አለች። ሲመለስ እደውላለሁ።»

ከሰዓት ደወለ። ተመልሷል። ውሃው በቀን እየሸሸ በቀን የሚመለስ መሆኑን እኛ የደጋ ሰዎች ማን ነግሮን። ታምሩ «የግቢያችን ቧንቧ ነው በሉኛ» አለ።

በዚያ ቦታ እሁድ እሁድ ሰው ይሞላል፤ ኳስ የሚራገጡ አሉ፣ ግመል የሚያከራዩ አሉ፣ አሮጊቶች ከነልብሳቸው ውሃ ውስጥ ቁጭ ይላሉ። እሱን ሲነግረኝ ደስታው ከስልኩ ይወጣ ነበር። አንድ እሁድ ሰናይት ስልኩን ይዛ እሱን አሳየችን። ቱታውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ውሃው ውስጥ ቆሟል።

«ሁለተኛ ሴሚስተር ተጀመረ» አለ።

ከሳምንታት በኋላ ለብቻዬ ደወለልኝ፤ ድምፁ የቁምነገር ነበር። «እትዬ ብዙነሽ፣ ለልጆቹ ይንገሩልኝ። የእጁ ትክክል ነው፣ እንደዚያው ይያዙት። የእግሩን ተሳስቼ ነው ያስተማርኳቸው። ጉልበት አይታጠፍም። ከዳሌ ነው።»

«አሁን ይሄን ምን አስቸኮለህ? ልደታ ማን ሊሰምጥ ነው?»

«ስህተት አስተምሬ መተኛት አልችልም።»

ልጆቹን ሰበሰብኩና ነገርኳቸው። ጉልበት አይታጠፍም፣ ከዳሌ ነው። የአቶ ስዩም የልጅ ልጅም ቆሞ ሰማ። ስንት ባለሥልጣን፣ ስንት አዋቂ ሲያጠፋ አይቻለሁ። ባሕር ማዶ ሆኖ ስለ ሕፃን እግር ይቅርታ የላከ ግን አላየሁም።

ያም ቦታ ለጊዜው ሆነ፤ ለሰናይት ሥራ ራቀ። መጨረሻ ላይ አሮጌው ከተማ ገቡ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ባሕሩ ከመንገዱ ጫፍ ይታያል። በየቤቱ በር ላይ ከግድግዳው ጋር የተሠራ የድንጋይ መቀመጫ አለ፣ ሰዉ ጠዋትና ማታ እየወጣ ይቀመጥበታል።

«የድንጋይ አግዳሚ ነው» አለኝ። «ዳኛ የለውም።»

«ከማን ጋር ትቀመጣለህ? ቋንቋቸውን አትችል።»

«ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር። እነሱ በስዋሂሊ፣ እኔ በአማርኛ፣ ስለ ጉልበት ነው የምናወራው። እንግባባለን።»

«እንግዲህ መረጥክ በለኛ።»

ከጀርባው የሰው ጫጫታ ይሰማል። «ቤቱ ደረጃ አለው» አለ። «ለጊዜው ነው። አቶ ስዩም ደኅና ናቸው? አግዳሚዋ ወጣች?»

አልወጣችም አልኩት። «ስመለስ አነጋግራቸዋለሁ» አለ። ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻ ነገር ይኸው ነው። የሞተውም በዚያ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ነው፣ ሽማግሌዎቹ መሀል። እንቅልፍ የወሰደው መስሏቸው ፀሐዩ ፊቱ ላይ ሲመጣ በኮፍያ ጋርደውለታል።

እሁድ የዕድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ነበር። ከቅዳሴ በቀጥታ ሄድኩ። አጀንዳው ሁሉ ሲያልቅ እጄን አነሳሁ። አቶ ስዩም መነጽራቸውን አድርገው ደንቡን አነበቡ፤ አካባቢውን ለቆ በሌላ ቦታ ኑሮ የመሠረተ አባል አገልግሎት ይቋረጥበታል።

«የት ነው የመሠረተው?» አልኩ።

«ሞምባሳ ነዋ፣ ወይዘሮ ብዙነሽ።»

«ሞምባሳ የት? ሰፈሩን ይንገሩኝ።»

«እኔ የሞምባሳን ሰፈር ከየት አውቃለሁ?»

«እሱም አላወቀውም። ሲመርጥ ነው የሞተው። ሰው ገና እየመረጠ ኑሮ መሠረተ ይባላል? ቤቱ እዚሁ ነው፤ ቁልፉ ይኸው።» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ትናንት መስኮቱን ከፍቼለታለሁ። ሌላ ቱታው በሩ ላይ ተሰቅሏል።»

ሰዉ አጉረመረመ። አቶ ስዩም እጃቸውን አነሱ። «እሺ። አስከሬን የለ፣ ቤተሰብ የለ፣ ድንኳኑ ውስጥ ማን ሊቀመጥ ነው?»

«እኔ እቀመጣለሁ። እርስዎ አጠገቤ።»

«እኔን ይተዉኝ። ነገሩ በእልህ አይሆንም። እዚያ አገር የእኛ ሰዎች ማኅበር እንዳላቸው ሰምቻለሁ። እዚያ ገብተው ከሆነ ድንኳኑ የእነሱ ድርሻ ነው። ልጃቸው ትጠየቅና እንደ አባባሏ ይወሰን። ፍትሕ ይሄ ነው።»

ደነገጥኩ። ዘለቀ የሰው መሀል የሚወድ ሰው ነው፤ ማኅበር ግባ ቢሉት እንዴት እምቢ ይላል? ይግባ አይግባ ጠይቄው አላውቅም። ታምሩ ግን ቀድሞ ደውሎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎት ነበር፣ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ።

አቶ ስዩም ጎንበስ አሉ። «ሰናይት፣ ስዩም ነኝ፣ የዕድሩ። እግዚአብሔር ያጥናሽ ልጄ።»

«አሜን፣ ጋሽ ስዩም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። እዚያ ያሉት ኢትዮጵያውያን ዕድር አላቸው ይባላል። አባትሽ ገብተው ነበር?»

«አላቸው። ግባ ብለው እስከ ቤት ድረስ መጥተው ነበር። እምቢ አለ።»

«ለምን?»

ሰናይት ትንሽ ሳቀች፣ የለቅሶ ሳቅ። «ዕድር አለኝ አላቸው። እኔም አባዬ፣ እዚያ ያሉት አቶ ስዩም በአግዳሚው ነገር ተቀይመውሃል፣ ብትገባ ይሻልሃል አልኩት። ‹ዳኛው አይወዱኝም፤ ድንኳን ግን አይከለክሉኝም› አለኝ። ይቅርታ ጋሽ ስዩም፣ እንዲህ ነው ያለው።»

እኔ በሰው ፊት መርታት እወዳለሁ ብያለሁ። ያን ጊዜ ግን ወደ አቶ ስዩም ማየት አልፈለግሁም፤ መሬቱን አየሁ።

«ጋሽ ስዩም? አሉ?» አለች ሰናይት። «ድንኳኑ ተተከለ እንዴ? ለዘመዶቼ ልነግራቸው ነበር፣ ከነገ ወዲያ ከአምቦ ይመጣሉ።»

አቶ ስዩም መነጽራቸውን አወለቁ። የደንቡን ወረቀት አጣጠፉት።

«እየተከልን ነው ልጄ» አሉ። «ንገሪያቸው።»

ስልኩ ሲዘጋ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አወጡና ለታምሩ ሰጡት። አግዳሚዎቹ ሁሉ ይውጡ፣ በፀሐዩ በኩል ይደርደሩ አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ፊታቸው ግን ያው የዳኛ ፊት ነው።

«ወይዘሮ ብዙነሽ» አሉኝ፣ «በሆዱ የሚተኛ ልጅ ግን እንዳላይ።»